ማንትራ በስልክ፦ ድምፁ ደስ ይላል፣ ትምህርቱ ግን ጎደሎ ነው

የአፑን ስም አልጠራም። ተመሳሳይ ነገር የሚሸጡ ብዙ ስለሆኑ፣ ይህን የሚያነብ ሰው የራሱን አፕ ከፍቶ ቢያመሳክር ይበቃኛል። የሜዲቴሽን አፕ ነው። እንቅልፍ የሚያመጡ ድምፆች አሉት፣ የትንፋሽ ልምምድ አለው፣ ከዚያ ደግሞ ተጨማሪ ክፍያ የሚጠይቅ የማንትራ ክፍል አለው (ማንትራ በሂንዱና በቡድሂስት ሃይማኖቶች የሚደገም ቅዱስ ቃል ነው)፤ እኔ ገንዘቤን ያወጣሁት ለዚህኛው ነው። ከአምስት ኮከብ ሁለት ሰጥቼዋለሁ። ለምን ሁለት እንደሆነ በደንብ ላስረዳ፣ ምክንያቱም ድምፁን ብቻ ብትሰሙ አራት ትሰጡት ይሆናል።

ጥሩ ጥሩውን ላስቀድም። ቅጂው ጥራት አለው፣ በጆሮ ማዳመጫ ስትሰሙት የደጋሚው ትንፋሽ ሳይቀር ይሰማል። ከኋላ የሚገባውን ሙዚቃ ማጥፋት ይቻላል፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው፣ ብዙዎቹ አፖች ዋሽንትና የውሃ ድምፅ ደራርበው ቃሉን ይቀብሩታልና። አውርዳችሁ ያለ ኢንተርኔት ትሰማላችሁ። ፍጥነቱን መቀነስ ይቻላል፣ ለጀማሪ ይህም ይጠቅማል። ማስታወቂያ የለውም። ለዚህ ሁሉ አመሰግናቸዋለሁ።

ችግሩ ማብራሪያው ላይ ነው። የመጀመሪያው ትምህርት «ማንትራ ማለት ለራስህ ደጋግመህ የምትነግረው አበረታች ቃል ነው» ይልና የራስህን እንድትጽፍ ባዶ ቦታ ይሰጥሃል። ምሳሌዎቹ «እኔ ጠንካራ ነኝ»፣ «ዛሬ የኔ ቀን ነው» የሚሉ ናቸው። ራስን ማበረታታት ምንም ክፋት የለውም፣ የጠቀመው ሰው ይቀጥልበት። ግን ይህ ማንትራ አይደለም። የጥንቱ ማንትራ ሰው ለራሱ የሚለው ነገር አልነበረም፤ ወደ አማልክት፣ ወደ እሳት፣ ወደ ፀሐይ የሚላክ ቃል ነበር፣ ደቀ መዝሙሩም ከራሱ አንቅቶ አይፈጥረውም፣ ከመምህሩ አፍ ይቀበለዋል እንጂ። በእንግሊዝኛ ፖለቲከኛውና የኩባንያ ኃላፊው የሚደጋግሙትን አባባል ሁሉ ማንትራ ማለት የመጣው በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። እሱንማ እኛ መፈክር እንለዋለን። አፑ ይህን ዘመን አመጣሽ ትርጉም ወስዶ «የሺህ ዓመታት ጥበብ» እያለ መሸጡ ነው ያናደደኝ።

እና ቃሉ ከየት መጣ? ከጥንታዊው የሕንድ ቋንቋ ከሳንስክሪት ነው። «ማን» ማሰብ ነው፣ «ትራ» ደግሞ ግሱን የመሣሪያ ወይም የዕቃ ስም የሚያደርግ መድረሻ ነው። «ፓ» መጠጣት፣ «ፓትራ» መጠጫ። «ቫስ» መልበስ፣ «ቫስትራ» ልብስ። እንግዲህ ማንትራ «ማሰቢያ» ነው። አማርኛ በአንድ ቃል ቁጭ ያደርገዋል፦ መጻፊያ፣ መቁረጫ፣ ማሰቢያ። የሃይማኖቱ ሊቃውንት ሌላም ፍቺ አላቸው፤ «ትራ»ን መጠበቅና ማዳን ከሚል ግስ አምጥተው «የሚያሰላስለውን የሚጠብቅ» ይሉታል። የቋንቋ ምሁራን የመጀመሪያውን ይቀበላሉ፣ አማኙ ግን በሁለተኛው ይኖርበታል፣ ሁለቱንም ማወቅ ጥሩ ነው። ቃሉ ዘመድም አለው። በጥንታዊው የኢራን የአቬስታ ቋንቋ የነቢዩ ዘራቱስትራ ቅዱስ ቃል ከዚሁ ሥር በወጣ ስም ይጠራል። በሳንስክሪት መካሪው «ማንትሪን» ይባል ነበር፣ ዛሬም በሂንዲ ሚኒስትር «ማንትሪ» ነው፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ «ፕራዳን ማንትሪ»። ይኸው ቃል በማላይኛና በፖርቱጋልኛ አልፎ የቻይና ሹማምንት «ማንዳሪን» ተብለውበታል። ይህን ሁሉ በሁለት ደቂቃ መናገር ይቻል ነበር። አፑ አንድ ዓረፍተ ነገር እንኳ አላወጣበትም።

ጥንታዊዎቹ ማንትራዎች የሚገኙት ቬዳ በሚባሉት ቅዱሳት ቃላት ውስጥ ነው። ትልቁና ቀዳሚው ሪግቬዳ በ10 መጻሕፍት 1028 መዝሙሮች አሉት፤ ምሁራን ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ1500 እስከ 1000 ባለው ጊዜ ገደማ ያስቀምጡታል። «መጻሕፍት» ስል ግራ እንዳትጋቡ፣ ለብዙ መቶ ዓመታት አንድም የተጻፈ ገጽ አልነበረም። በቃል ነው የተያዘው። ይህን የሚሰማ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ታዲያ እንዴት ሳይበላሽ ቆየ?» የሚለውን ነው፣ መልሱም እጅግ ደስ የሚል ነው።

ተማሪው ስንኙን እንዳለ ብቻ አያጠናም። ቃላቱን ነጣጥሎ ያጠናል። ከዚያ በጥንድ ያጠናል፦ አንደኛውና ሁለተኛው፣ ሁለተኛውና ሦስተኛው፣ ሦስተኛውና አራተኛው። ከዚያ ወደፊትና ወደኋላ እያመላለሰ ይሸርበዋል፦ 1-2፣ 2-1፣ 1-2፣ ከዚያ 2-3፣ 3-2፣ 2-3፣ እያለ እስከ መጨረሻው። ይህ «ጃታ» ይባላል። ከሁሉ የከበደው «ጋና» ደግሞ 1-2፣ 2-1፣ 1-2-3፣ 3-2-1፣ 1-2-3 እያለ ይሄዳል። አንድ ቃል ቢጠፋ ወይም ቦታ ቢቀይር ሽሩባው ወዲያው ይፈታል፣ ስሕተቱም ይታያል። በዚያ ላይ ድምፁ ከፍ የሚልበት፣ ዝቅ የሚልበትና የሚወርድበት ቦታ ተለይቶ የታወቀ ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2003 ይህን የቬዳ አደጋገም ከሰው ልጅ የቃል ቅርሶች ታላላቆቹ መካከል ያወጀው በከንቱ አይደለም። ዜማና ቅኔ በቃል ከሚጠናበት አገር ለወጣ ሰው ይህ ትምህርት ሩቅ አይመስልም፤ የአብነት ተማሪ ቢሰማው ድካሙን ወዲያው ይገባዋል።

አሁን ወደ አፑ። ለመለማመድ የሚረዳ «ተከተለኝ» የሚል ነገር አለው፣ እሱ ይላል፣ እናንተ ትደግማላችሁ፣ ስልኩ ድምፃችሁን ቀድቶ ያሰማችኋል። ሐሳቡ ጎበዝ ነው። ግን የድምፁ ከፍታና ዝቅታ ትክክል ይሁን አይሁን የሚነግራችሁ የለም። «በጣም ጥሩ!» ይላችኋል፣ ምንም ብትሉ። ሆን ብዬ አንዱን መስመር ዘልዬ ሞከርኩት፣ አሁንም «በጣም ጥሩ!» አለኝ። ለሦስት ሺህ ዓመት አንዲት ቀለም እንዳትወድቅ የተለፋበትን ነገር የሚያስተምር ሰው እንዲህ ማድረግ የለበትም።

ሁለተኛው ትምህርት የጋያትሪ ማንትራ ነው። ከሂንዱ ማንትራዎች ምናልባት በጣም የታወቀው እሱ ነው፣ ሪግቬዳ ሦስተኛ መጽሐፍ፣ መዝሙር 62፣ ቁጥር 10። ባለቤቱ በትውፊት ጠቢቡ ቪሽቫሚትራ ነው። ጋያትሪ የሚለው ስም የግጥሙ ምጣኔ ስም ነው፦ ሦስት መስመር፣ እያንዳንዱ ስምንት ቀለም (የድምፅ ክፍል ማለቴ ነው)፣ በድምሩ 24። ፍሬ ነገሩ እንዲህ ነው፦ «የአምላክ ሳቪትሪን ያን ውብ ብርሃን እናስብ፣ እርሱም ሐሳባችንን ያነቃቃልን።» ሳቪትሪ ከፀሐይ ጋር የተያያዘ አምላክ ነው፣ የሚያነሣሣ፣ የሚቀሰቅስ ማለት ነው። ልብ በሉ፣ ልመናው ሀብት አይደለም፣ ጠላት ይውደቅ አይደለም፣ ሐሳባችን ይንቃ ነው። ለማሰቢያ የሚገባ ልመና ነው። አፑ ግን ከስሩ የጻፈው ትርጉም «እኔ ብርሃን ነኝ፣ ሰላም በውስጤ ይፈስሳል» ይላል። በማንትራው ውስጥ «እኔ» የሚል ቃል የለም። «እኛ» ነው የሚለው። ሳቪትሪም ጭራሽ ጠፍቷል። ከፊቱ የሚባለው «ኦም ቡር ቡቫህ ስቫህ» የስንኙ አካል ሳይሆን በልማድ የሚቀድም መሆኑም አልተነገረም።

ይህን ለድጋፍ ሰጪዎቻቸው ጻፍኩ። መልሱ በትሕትና ነው የመጣው፤ «ዋናው ንዝረቱ ነው፣ ትርጉሙ ያን ያህል አያስፈልግም» የሚል ነበር። ይህ ክርክር አዲስ ቢሆን አልፈው ነበር። ግን ከክርስቶስ ልደት በፊት ጀምሮ ሕንዶች ራሳቸው የተከራከሩበት ነው! ያስካ የሚባል ጥንታዊ ሊቅ የቬዳን አስቸጋሪ ቃላት የሚፈታ ሥራ አለው፤ በውስጡ ካውትሳ የተባለ ሰው «ማንትራ ትርጉም የለውም» ማለቱን ይጠቅሳል። የካውትሳ ማስረጃ ቀላል አይደለም። ቃላቱን በተመሳሳይ ቃል መተካት አይቻልም ይላል፣ ቅደም ተከተሉንም መለወጥ አይቻልም፣ አንዳንዱ እርስ በርሱ ይጋጫል፣ አንዳንዱም ጨርሶ አይገባም። ያስካ አንድ በአንድ ይመልስና ለመጨረሻው እንዲህ ይላል፦ ዕውር ሰው ምሰሶውን ባያየው ጥፋቱ የምሰሶው አይደለም። በእኛ ዘመን ደግሞ ፍሪትስ ስታል የተባለው የኔዘርላንድስ ተወላጅ ምሁር ወደ ካውትሳ አዘንብሎ ማንትራን ከወፍ ዝማሬ ጋር አነጻጽሮታል። እሱ ግን ዝም ብሎ አልተናገረም፣ እ.ኤ.አ. በ1975 ደቡብ ሕንድ ኬረላ ውስጥ 12 ቀን የፈጀውን የእሳት መሠዊያ ሥርዓት ከነድምፁ መዝግቦ ያስቀረ ሰው ነው።

እኔ ከያስካ ጋር ነኝ። ድምፁ ብቻውን ኃይል አለው የሚል ሰው ካለ ይበል፣ ግን ቢያንስ ትርጉሙን አውቆ ይተወው። ትርጉሙን ጥሎ በቦታው ሌላ ፈጥሮ ማስገባት ካውትሳም አላደረገውም።

ሚዛናዊ ለመሆን፣ ብዙ ማንትራ የሚጀምርበት የቅዱሱ ድምፅ የኦም ትምህርት በጣም ጥሩ ነው። ሌላ ሰው ያዘጋጀው ይመስላል። 12 አንቀጽ ብቻ ያላት ማንዱክያ ኡፓኒሻድ የተባለች ጥንታዊ የሂንዱ ጽሑፍ ኦምን በሦስት ድምፅ እንደምትከፍል ይናገራል፦ አ፣ ኡ፣ ም። አ ንቃት ነው፣ ኡ ሕልም ነው፣ ም ሕልም የሌለበት ከባድ እንቅልፍ። ከዚያ አራተኛ አለ፣ ድምፅ የሌለው፣ ከሦስቱ ባሻገር ያለ። አፑ ከእያንዳንዱ ኦም በኋላ ረዘም ያለ ዝምታ ይተዋል፣ ለምን እንደሚተውም ያስረዳል። ሁለተኛዋን ኮከብ ያገኘው በዚህ ነው።

የቲቤቱ «ኦም ማኒ ፓድሜ ሁም» ላይ ደግሞ ተመልሶ ይሰንፋል። ስድስት ቀለም ያለው የርኅራኄው ቦዲሳትቫ (ሌሎችን ለማዳን የቆረጠ የቡድሂስቶች ቅዱስ) የአቫሎኪቴሽቫራ ማንትራ ነው፣ ቲቤቶች ቼንሬዚግ የሚሉት፤ በድንጋይ ይቀረጻል፣ በሚሽከረከር የጸሎት ጎማ ውስጥ ተጠቅልሎ ይቀመጣል። አፑ «በሎተስ አበባ ውስጥ ያለ ዕንቁ» ብሎ ተርጉሞ ያልፋል። ብዙ ሰው እንደዚያ ይላል፣ ሰዋስው አዋቂዎች ግን «ማኒፓድሜ» መጥሪያ ነው ይላሉ፣ ባለ ዕንቁውን ባለ ሎተሱን አንተ ሆይ ወይም አንቺ ሆይ ብሎ እንደ መጣራት። የሲክ ሃይማኖት «ሙል ማንታር»፣ ለራስ ምንም የማይለምነው የጃይን ሃይማኖት ተከታዮች «ናሞካር»፣ በጃፓን መነኩሴው ኩካይ ከቻይና ይዞት ተመልሶ የመሠረተው «ሺንጎን» ማለትም የእውነተኛ ቃል ትምህርት፣ አንዳቸውም የሉም። እነሱን ባያካትት አልከሰውም፣ ሁሉን አንድ ላይ «የምሥራቅ ጥበብ» ብሎ መጨፍለቁን ነው የምከሰው።

ከዚያ የሚቆለፉት አሉ። «ምሥጢራዊ ማንትራዎች» የሚል ክፍል አለ፣ ለመክፈት ከዓመቱ ክፍያ ላይ ሌላ ይጨመራል። ምሥጢርነት በራሱ የአፑ ፈጠራ አይደለም። ማንትራ ከመምህር አፍ በደቀ መዝሙሩ ጆሮ በሹክሹክታ ሲሰጥ የኖረ ነው፣ የቬዳው ደግሞ ከሴቶችና ከዝቅተኛ ወገን ተቆጥረው ከነበሩት ለረጅም ዘመን ተከልክሎ ነበር፤ ይህን መደበቅ ትክክል አይደለም። ትራንሴንደንታል ሜዲቴሽንን ያስፋፋው ማሃሪሺ ማሄሽ ዮጊም ለእያንዳንዱ ተማሪ ለሌላ የማይነገር ማንትራ ነበር የሚያሰጠው፣ በቀን ሁለት ጊዜ 20 ደቂቃ ያህል። ግን በዚያው በሕንድ ተቃራኒውም አለ። ስለ ራማኑጃ የሚተረከውን ስሙ። በደቡብ ሕንድ በታሚል አገር ነው፣ 11ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተወለደ ታላቅ ሊቅ። መምህሩ ብዙ አመላልሰውት ባለ ስምንት ቀለሙን «ኦም ናሞ ናራያናያ» ሰጡትና ለማንም እንዳይናገር፣ ከተናገረ ገሃነም እንደሚወርድ አስጠነቀቁት። እሱ የቤተ መቅደሱ ግንብ ላይ ወጥቶ ለሕዝቡ ጮኾ ነገረው። «ይህ ሁሉ ሰው ከዳነ እኔ ብቻዬን ገሃነም ብወርድ ምን አለበት» አለ ይባላል። መምህሩም ተረቱለት። ይህን ታሪክ የሚያውቅ ሰው ያንኑ ስምንት ቀለም ከቁልፍ ኋላ አስቀምጦ ብር ሲጠየቅበት ቢከፋው አይገርምም።

ከአፑ ጋር መቁጠሪያም ይሸጣሉ፣ ማላ ይባላል፣ በፖስታ ይመጣል። የኔው የሩድራክሻ ፍሬ ነው ተብሎ የተሸጠ ነው፣ ፍሬው እውነተኛ ይመስላል፣ ሽታውም ጥሩ ነው። ሕጉ 108 ፍሬና አንድ ተለይቶ የሚታይ ትልቅ ፍሬ ነው፣ ሜሩ የሚሉት። በአውራ ጣትና በመካከለኛው ጣት ነው የሚቆጠረው፣ ጠቋሚ ጣት አይነካውም፣ ሜሩ ላይ ሲደረስ አይታለፍም፣ ተገልብጦ ወደኋላ ይመለሳል። የኔው ሜሩ የለውም። ዙሪያውን አንድ ዓይነት ፍሬ ነው፣ ስለዚህ የት እንደጀመርኩ በጣቴ ማወቅ አልችልም። ፎቶ ላይ ግን ሜሩ ነበረው። ገንዘቤን እንዲመልሱ ጠይቄ «ጌጥ ስለሆነ አይመለስም» ተባልኩ። ጌጥ ብለው አልሸጡልኝም።

ስለ ጤና የሚሉትን በጥንቃቄ ስሙ። «ሳይንስ አረጋግጧል» የሚል ጽሑፍ በየገጹ አለ። አንድ የማውቀው እውነተኛ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2001 በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት የወጣው የሉቺያኖ በርናርዲና የባልደረቦቹ ነው። 23 ጤነኛ ሰዎች የካቶሊኮቹን የማርያም ጸሎት «አቬ ማሪያ»ን በላቲን እና «ኦም ማኒ ፓድሜ ሁም»ን ደገሙ። ሁለቱም ትንፋሻቸውን በደቂቃ ወደ 6 ያህል አወረደው፣ የልብና የደም ግፊት ሞገዳቸውም ከዚያ ጋር ተስማማ። ደስ የሚል ግኝት ነው፣ ግን የሚናገረው ስለ ዝግታ ትንፋሽ ነው፣ 23 ሰው ደግሞ 23 ሰው ነው። ከዚያ ተነሥቶ ጭንቀትንና የደም ግፊትን ያድናል ማለት አይቻልም። መድኃኒት የምትወስዱ ካላችሁ በዚህ አፕ ምክንያት እንዳታቋርጡ።

ብዙ ሰው በውስጥ መስመር የሚጠይቀኝ ሌላ ነው፦ «ሃይማኖቴን ይነካብኛል ወይ? ድግምት አይደለም ወይ?» አፑ በመጀመሪያው ገጽ «ከሃይማኖት ነጻ» ይላል። እንዲህ ብሎ ነገሩን መዝጋት አይቻልም። ከአራቱ ቬዳዎች አታርቫቬዳ ለበሽታ፣ ለፍቅር፣ ለጠላት የሚባሉ ብዙ ቃላት አሉት፣ እነሱን ድግምት ብትሉ አልከራከርም። ጋያትሪ ግን ጸሎት ነው፣ ለአንድ አምላክ የቀረበ ጸሎት። እ.ኤ.አ. በ1979 የአሜሪካ ፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በኒው ጀርዚ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ይሰጥ የነበረውን የማሃሪሺን ትምህርት ሃይማኖታዊ ነው ብሎ ከልክሏል። ስለዚህ አማኝ የሆናችሁ የምትደግሙትን ቃል ለማን እንደሚቀርብ አውቃችሁ ወስኑ። ክርስቲያኑ መቁጠሪያ አለው፣ ሙስሊሙ ተስቢህ አለው፣ ለመድገም የሌላ ሰው አምላክ ስም አያስፈልገውም። ጸጥታውን ብቻ ለምትፈልጉ ደግሞ የሀርቫርዱ ሐኪም ኸርበርት ቤንሰን በ1970ዎቹ ማንኛውንም ቀላል ቃል፣ «አንድ» የሚለውን እንኳ፣ ከትንፋሽ ጋር መድገም ይበቃል ብሎ ነበር። ይህ በነጻ ነው። ሂንዱ ወይም ቡድሂስት የሆነ ሰው ደግሞ ጸሎቱ «ከሃይማኖት ነጻ» ተብሎ ሲሸጥ ምን እንደሚሰማው ማሰብ ይገባል፤ እኔ በእሱ ቦታ ብሆን ይከፋኝ ነበር።

ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ካስተማሩን ሕንዳውያን አንዱ ጠዋት ክፍል ከመግባታቸው በፊት ቢሯቸው ውስጥ ዝቅ ባለ ድምፅ ይደግሙ ነበር። አንድ ቀን ምን እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ሳይቸኩሉ ቃል በቃል ተረጎሙልኝ፣ ከማን እንደተቀበሉትም ነገሩኝ፤ ከአባታቸው። የዚህ አፕ ሰዎች ቢያንስ እንደዚያ ያለ አንድ ሰው ቀጥረው ማብራሪያውን ቢያስጽፉ ነገሩ ሁሉ ይስተካከል ነበር። ድምፁ እንደሆነ አላቸው።

ዋጋው በዓመት 60 ዶላር ገደማ ነው፣ የተቆለፉት ሳይጨመሩ። ለዚያ ገንዘብ አልመክርም። የሳምንቱን ነጻ ሙከራ ግን ተጠቀሙበት፤ የኦምን ትምህርት እስከ መጨረሻው ስሙ፣ የጋያትሪን ድምፅ ብቻ ስሙና የጻፉትን ትርጉም ዝለሉ፣ የቬዳ አደጋገም ምን እንደሚመስል ደግሞ ዩኔስኮ በድረ ገጹ ያስቀመጠውን ቪዲዮ በነጻ እዩ። ማላውን አትግዙ፣ የሕንድ ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ ካለ ሜሩውን በዓይናችሁ አይታችሁ ትገዛላችሁ። ሙከራውን ስትጀምሩ ካርዳችሁን ይወስዳሉ፣ አፑን ከስልካችሁ ማጥፋት ደግሞ ክፍያውን አያቆመውም። አይፎን ከሆነ ሴቲንግ ውስጥ፣ አንድሮይድ ከሆነ ፕሌይ ስቶር ውስጥ ገብታችሁ ሰብስክሪፕሽን ከሚለው ነው የምታቋርጡት፣ ሳምንቱ ሊያልቅ አንድ ቀን ሲቀረው አድርጉት።